አሰልጣኙ የተናገረው፣ ሰውነት የሰማው

ቀኑ ጁላይ 19፣ 1987፣ እሑድ ነው (እዚህ የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከኤደንብራ በስተምሥራቅ፣ ባሕሩ ዳር ባለው የሙርፊልድ የጎልፍ ሜዳ ላይ ጭጋግ ወርዷል። በዋዜማው 30 ዓመት የሞላው እንግሊዛዊ ኒክ ፋልዶ የ«ዘ ኦፕን»ን፣ ከጎልፍ አራት ታላላቅ ውድድሮች የአንዱን፣ የመጨረሻ ዙር እየተጫወተ ነው። የመጀመሪያውን ጉድጓድ በፓር ዘጋ፤ ለጉድጓዱ በተመደበው የምት ልክ ማለት ነው። ሁለተኛውንም በፓር። ሦስተኛውንም። በአንድ ምት እየመራ ያደረው አሜሪካዊው ፖል ኤዚንገር አንዴ ሲያገኝ አንዴ ሲያጣ፣ ፋልዶ ከልኩ አንድም ሳያጎድል፣ አንድም ሳያተርፍ 17 ጉድጓድ ተጓዘ።

18ኛው ላይ ሁለተኛውን ምት በ5 ቁጥር ብረት መታ። ኳሷ ሄዳ ግሪኑ ላይ፣ ባንዲራው የተተከለበትና ሣሩ እንደ ምንጣፍ የታጨደው ቦታ ላይ አረፈች። ከሩቅ ሲገፋት ጉድጓዱን አልፋ ሄደች። የቀረችው ከአንድ ሜትር ተኩል ያልበለጠች ርቀት ናት፤ ሕፃን የሚያስገባት የምትመስል፣ ዋንጫ ሲኖርባት ግን ጉልበት የምታርድ። አስገባት። 18 ጉድጓድ፣ 18 ፓር። ከኋላው የሚመጣው ኤዚንገር 17ኛውና 18ኛው ላይ አንድ አንድ ምት አባከነ፤ ዋንጫውም በአንድ ምት ልዩነት የፋልዶ ሆነ።

ያንን ዙር አሰልቺ ያሉት ብዙ ናቸው። አንድም ጉድጓድ ላይ ከልኩ ያሳነሰ አስደናቂ ምት የለበትምና አልፈርድባቸውም። እኔ ግን በስፖርት ውስጥ የአንድ መምህር ትምህርት ፍሬው በዓይን ከታየባቸው ጥቂት ቀናት አንዱ ነው እላለሁ። ፋልዶ በዚያ ቀን 18 ጊዜ የተማመነበት የዱላ አወዛወዝ፣ ተጫዋቾቹ «ስዊንግ» የሚሉት፣ ከሁለት ዓመት በፊት የሱ አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት የነበረው ፋልዶ ደካማ ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ቀላል ነበር። በ1983 በአውሮፓ አምስት ውድድር አሸንፎ በሽልማት ገንዘብ ሰንጠረዡ አንደኛ ወጥቷል። በ1984 አሜሪካ ተሻግሮ ሂልተን ሄድ ላይ አሸንፏል። ቁመቱ ወደ 1 ሜትር ከ90፣ አወዛወዙ ረጅምና ለዓይን የሚጥም ነበር። ነገር ግን በ1983 በሮያል በርክዴል፣ በዘ ኦፕን የመጨረሻ ቀን መሪነቱን በእጁ ካስገባ በኋላ ተንሸራቶ ስምንተኛ ሆነ። በ1984 ሌላው ታላቅ ውድድር በሆነው ማስተርስ ላይም ለድል ከተጠጋ በኋላ በመጨረሻው ዙር ወደኋላ ቀረ። የእንግሊዝ ጋዜጦች በስሙ ላይ አንድ ፊደል ለውጠው «ፎልዶ» አሉት፤ በቋንቋቸው ጭንቅ ሲመጣ የሚታጠፍ እንደ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ስም የወጣለት ሰው ብዙውን ጊዜ ጥፋቱን ልቡ ላይ ይጥላል። «ወኔ አነሰኝ» ይላል፤ ሌላውም ይስማማል። ፋልዶ ጥፋቱን የፈለገው እጁና እግሩ ውስጥ ነው። የድሮው አወዛወዙ ዱላውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የሚያነሣ፣ ሲወርድ ጉልበቱን ወደ ፊት በኃይል የሚገፋ፣ ሲጨርስም ወገቡን እንደ ደጋን ወደ ኋላ የሚለምጥ ነበር። እግሩ ቀድሞ ስለሚሄድ እጁ በመጨረሻዋ ቅጽበት ደርሶ ማስተካከል ነበረበት። እጁ በሰዓቱ የደረሰ ቀን ውበት ነው፤ የዘገየ ቀን ኳሷ ወዴት እንደምትሄድ አይታወቅም። እጅ የሚዘገየው ደግሞ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብ ሲመታ ነው። ኳሷም ከፍ ብላ ስለምትበር በእንግሊዝና በስኮትላንድ ጠረፍ ነፋስ እጅ ትወድቃለች።

ስለዚህ በ1985 ወደ ዴቪድ ሌድቤተር ሄደ። ሌድቤተር እንግሊዝ ተወልዶ በዛሬዋ ዚምባብዌ ያደገ፣ በተጫዋችነት ስም ያላተረፈ፣ ያኔ ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረ ሰው ነው። ፋልዶ የጠየቀው ትንሽ ማስተካከያ አልነበረም። ቤቱ ፈርሶ ከመሠረቱ እንዲሠራ ነው የጠየቀው። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ጥያቄው የመጣው ከተማሪው ነው፣ የታወቀ በሽታም ነበረው፤ ኳሷ ዝቅ ብላ ነፋስ እንድትሰነጥቅ፣ እጅ በመጨረሻዋ ቅጽበት የሚሸከመው ሸክም እንዲቀልለት።

ትምህርቱ ለምን ሁለት ዓመት እንደፈጀ ለመረዳት ስዊንግ ምን ያህል አጭር ነገር እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ዱላው ከላይ መውረድ ከጀመረበት ኳሷን እስከሚነካበት ያለው ጊዜ የሰከንድ ሩብ ገደማ ነው። የዱላው ራስና ኳሷ የሚነካኩት ደግሞ ለግማሽ ሚሊሰከንድ ያህል ብቻ። በዚያች ንክኪ የዱላው ፊት አንድ ዲግሪ ቢዞር፣ ኳሷ አየር ላይ የምትታጠፈውን ሳንቆጥር፣ 200 ሜትር ላይ ሦስት ሜትር ያህል ከመስመሯ ትወጣለች። በሰከንድ ሩብ ውስጥ ሰው አስቦ፣ ስሕተቱን አይቶ፣ አርሞ አይጨርስም። ዱላው መውረድ ሲጀምር ትምህርቱ አልቋል፤ የሚሠራው ሰውነት የያዘው ነው።

የገና ጨዋታን ያየ ሰው ሌላውን ችግር ይረዳዋል። ሩሯ እየተንከባለለች ስትመጣ ተጫዋቹ ስለ ክርኑ አያስብም። ዓይኑ ያያል፣ እጁ ይከተላል፣ ገናው ያርፋል። የጎልፍ ኳስ ግን ቆማ ትጠብቃለች። አንድ ደቂቃ ብትቆምባት አንድ ደቂቃ ትጠብቅሃለች። በዚያች ደቂቃ ውስጥ አሰልጣኝህ ባለፈው ሳምንት የነገረህ፣ ትናንት ያረመህ፣ ዛሬ ጠዋት ያስጠነቀቀህ ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል። «ክርንህን አስጠጋ»፣ «ጭንቅላትህን አታንሣ»፣ «ቀኝ ጉልበትህን ያዝ»። እያንዳንዱ ለብቻው እውነት ሊሆን ይችላል። አንድ ላይ ሲመጡ ሰውየውን ያስሩታል።

ከዚህም የሚከፋ አለ፤ ሰውነት ይዋሻል። አሰልጣኙ «እጅህን አንድ ጣት ዝቅ አድርግ» ሲለው ተጫዋቹ ዝቅ ያደርጋል፤ መሬት የነካ እስኪመስለው ድረስ ያደርጋል። ቪዲዮው ሲታይ እጁ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። ለዓመታት የተደጋገመ እንቅስቃሴ ትክክለኛው መስሎ ስለሚሰማ፣ ትክክለኛው እንግዳና አስቀያሚ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ጎበዝ አሰልጣኝ ሁለት ቋንቋ ማወቅ አለበት። አንዱ ዱላው በእውነት የት እንዳለ የሚናገርበት ነው። ሌላው ደግሞ ዱላው እዚያ እንዲደርስ ይህ ተማሪ ምን ሊሰማው እንደሚገባ የሚናገርበት ነው። ሁለተኛው ከሰው ሰው ይለያያል፤ ለዚህም ነው ከመጽሐፍ የማይቀዳው።

ሌድቤተር ለፋልዶ ከሰጠው መልመጃ አንዱን በቅርብ እንየው። ፋልዶ ኳሷ ፊት ይቆማል። ትከሻውን ሳያዞር፣ ክንዱን ሳያነሣ፣ የእጁን አንጓ ብቻ አጥፎ የዱላውን ዘንግ በቀኝ ጭኑ በኩል ከመሬት ጋር ትይዩ ያደርገዋል። እዚያ ላይ ቀጥ ይላል። አሁን ዱላው ቦታውን ይዟል፤ እጅ የሚሠራው ሥራ አልቋል። ከዚያ ትከሻውን ብቻ ያዞራል፣ ክንዱም ደረቱን ተከትሎ ይዞራል፣ ተመልሶ ይመታል። ነገሩ ሲታይ የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ግን የሠራውን ተመልከቱ፤ እጁን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የማንሣት የድሮ ልማድ መግቢያ በር አጣ። «አታንሣ» አልተባለም። ማንሣት የማይቻልበት ቦታ ላይ ቆሞ እንዲጀምር ተደረገ። አንድን ልማድ በመከልከል ማጥፋት አይቻልም፤ ቦታውን የሚይዝ ሌላ ልማድ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ መምህር ከመቶ «አታድርግ» አንድ መልመጃ ይመርጣል።

ፋልዶ ያንን መልመጃና መሰሎቹን በቀን በመቶ በሚቆጠሩ ኳሶች፣ እጁ እስኪቆስል ድረስ ደጋገመ። ውጤቱ ለረጅም ጊዜ ውርደት ነበር። ከ1984 በኋላ እስከ 1987 የፀደይ ወራት ድረስ አንድም ውድድር አላሸነፈም። አንድ ጊዜ አንደኛ የነበረ ሰው የድሮውን አጥቶ አዲሱን ሳይዝ መሀል ላይ ቀረ። እዚህ መሀል ላይ ተስፋ የቆረጡ፣ ስማቸውን ዛሬ የማናነሣ ብዙ ተጫዋቾች አሉ። በአፕሪል 1987 ማስተርስ አልጠራውም። እዚያው ሳምንት ሚሲሲፒ ውስጥ ሃቲስበርግ በምትባል ከተማ በተደረገ አነስተኛ ውድድር ላይ ተጫወተ። አራት ዙር፣ አራቱም በ67 ምት። ሁለተኛ ወጣ። ዓለም ዓይኑን ማስተርስ ላይ በጣለበት ሳምንት ያችን ተመሳሳይ ቁጥር አራት ጊዜ የጻፈው ሰው አዲሱ ስዊንግ ሰውነቱ ውስጥ እንደገባ ያወቀ ይመስለኛል። በሜይ የስፔንን ኦፕን አሸነፈ፤ በጁላይ ሙርፊልድ መጣ።

ከዚያ በኋላ የመጣው በሰፊው የታወቀ ነው። ማስተርስን በ1989፣ በ1990 እና በ1996፤ ዘ ኦፕንን በ1990 በሴንት አንድሩስ፣ በ1992 እንደገና በሙርፊልድ። ከአራቱ ታላላቅ ውድድሮች ስድስት ዋንጫ፣ ስድስቱም ከሌድቤተር ጋር እያለ። ሌድቤተርም በዓለም እጅግ ተፈላጊው አሰልጣኝ ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሳተው ነገር አለ። የፋልዶን ዋንጫ ያየ ሁሉ «የሌድቤተር ስዊንግ» የሚባል አንድ ልብስ ያለ መሰለውና ልኬን ስፉልኝ እያለ ሄደ። የዚያው መምህር ሌላ ተማሪ፣ ዚምባብዌያዊው ኒክ ፕራይስ፣ ይህን ግምት ለማፍረስ ይበቃል። ፋልዶ በእርጋታ፣ እየለካ የሚያወዛውዝ ነው። ፕራይስ ፈጣን ነው፤ ዱላውን ብድግ አድርጎ ወዲያው ያወርደዋል፣ ዓይንህን ብትጨፍን ያመልጥሃል። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታያቸው የአንድ መምህር ልጆች ናቸው ብለህ አትገምትም። ፕራይስም በ1992 የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕን፣ በ1994 ዘ ኦፕንንና ፒጂኤን አንድ ላይ ወሰደ። በሁለቱ ውስጥ የሚመሳሰለው የዱላው መንገድና ክንድ ከደረት ጋር አብሮ መዞሩ ነው። ፍጥነቱን፣ ምቱን፣ ጠባዩን መምህሩ አልነካም። በእኔ ግምት ሌድቤተር በዚያ ዘመን ከሠራው ሁሉ ትልቁ ፕራይስን እንደ ፋልዶ አለማድረጉ ነው።

የአሰልጣኝ ተጽዕኖ ሲነሣ ታይገር ዉድስን መዝለል አይቻልም፤ የእሱ ነገር ግን ከፋልዶ ይልቅ ያከራክራል። በ1997 ማስተርስን በ12 ምት ልዩነት ሲያሸንፍ 21 ዓመቱ ነበር። እንዲህ ያሸነፈ ሰው ምን ይለወጣል? ዉድስ የዚያን ሳምንት ቪዲዮ ተመልክቶ ያየው ሌላ ነገር ነው። ዱላው ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ፊቱ ይዘጋል፤ ዳሌው ከክንዱ ቀድሞ ይሮጣል፤ ኳሷ ቀጥ ያለችው እጁ በሰዓቱ ደርሶ ስላዳነው ነው። የፋልዶ በሽታ በሌላ አካል ላይ። አሰልጣኙ ቡች ሃርመን ነበር፤ የ1948 የማስተርስ አሸናፊ የክሎድ ሃርመን ልጅ። ለውጡ ተጀመረ፣ 1998 በአሜሪካ ዙር፣ በዓመቱ ተከታታይ የባለሙያዎች ውድድር፣ አንድ ድል ብቻ የተገኘበት ዓመት ሆኖ አለፈ፣ «ታይገር ተበላሸ» የሚል ወሬም በየቦታው ተሰማ። በ1999 ሰውነቱ ያዘው። በዚያ ዓመት ስምንት፣ በ2000 ደግሞ ዘጠኝ የአሜሪካ ዙር ውድድሮችን አሸነፈ። ፔብል ቢች ላይ የዩኤስ ኦፕንን በ15 ምት፣ ሴንት አንድሩስ ላይ ዘ ኦፕንን በስምንት ምት ልዩነት ወሰደ። የዚያኑ ዓመት ፒጂኤንና የ2001 ማስተርስን ሲጨምር አራቱንም ታላላቅ ዋንጫዎች በአንድ ጊዜ ይዞ ቆመ።

ታዲያ ይህን ያህል የሠራ ስዊንግ ለምን ተተወ? ዉድስ በ2004 ወደ አሰልጣኝ ሃንክ ሄኒ ሄደ፤ ዱላው የሚሄድበት መንገድ ጠፍጠፍ አለ፣ ተጋላጭ የነበረው የግራ ጉልበቱም ከድንገተኛ መወጠር እንዲያርፍ ተሞከረ። ያ ዓመት እንደገና ድርቅ ሆነ፤ ከ2005 እስከ 2008 ግን ስድስት ታላላቅ ዋንጫዎች መጡ። ከ2010 እስከ 2014 ከሾን ፎሊ ጋር ስምንት ድል አገኘ፤ በ2013 አምስቱን አሸንፎ ወደ ዓለም አንደኝነት ተመለሰ፤ ታላቅ ዋንጫ ግን አንድም አላገኘም። ከሃርመን ጋር ስምንት፣ ከሄኒ ጋር ስድስት፣ ከፎሊ ጋር ዜሮ የሚለውን ቁጥር ይዞ አሰልጣኞቹን የሚያወዳድር ብዙ ነው። እኔ ይህን ስሌት አልቀበልም። ሃርመን የተቀበለው የ17 ዓመት ጤነኛ ልጅ ነው። ፎሊ የተቀበለው በተደጋጋሚ የተቀደደ ጉልበት ያለው፣ ኋላም ወገቡ የከዳው፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነው። አንድ መምህር የሚሠራው በተሰጠው አካል ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን የ2000ው ስዊንግ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቻለሁ። ዉድስ ኳሷን መትቶ ሲጨርስ ሚዛኑን ጠብቆ ይቆማል፤ የትኛው እንቅስቃሴ የትምህርት፣ የትኛው የተፈጥሮ እንደሆነ መለየት አይቻልም። በኋለኞቹ ዓመታት ከመምታቱ በፊት ዱላውን ግማሽ መንገድ ወስዶ እያየ ሲለማመድ ይታይ ነበር፤ ትምህርቱን እያስታወሰ እንደሆነ ከሩቅ ታውቀዋለህ። በ2000 የሚያስታውሰው ነገር ያለው አይመስልም።

ለውጥን ሁሉ ለሚያመልኩ ደግሞ የአየርላንዱ ፓድሬግ ሃሪንግተን አለ። በአሰልጣኙ በቦብ ቶራንስ እጅ በ2007 እና በ2008 ዘ ኦፕንን ሁለት ጊዜ ተከታትሎ፣ በ2008 ፒጂኤንም አሸነፈ። በ13 ወር ሦስት ታላላቅ ዋንጫ። ከዚያ ሥራውን ይበልጥ ሊያጠራ ስዊንጉን መለወጥ ጀመረ። አራተኛው አልመጣም። ሃሪንግተንን ሰነፍ የሚለው የለም፤ እንዲያውም ከእሱ በላይ የሚለፋ ማግኘት ያስቸግራል። የፋልዶ ለውጥ ለታወቀ በሽታ የተሰጠ መድኃኒት ነበር። የሃሪንግተን የሚመስለኝ ጤነኛ ሰው ይበልጥ ጤነኛ ለመሆን የወሰደው ነው።

ዛሬ የአሰልጣኝ ሥራ መልኩ ተለውጧል። በ2003 ዴንማርክ ውስጥ የተመሠረተው ትራክማን የተባለ ኩባንያ የሚሠራው የራዳር መሣሪያ ከተጫዋቹ ኋላ መሬት ላይ ይቀመጥና የዱላውን ፍጥነት፣ የፊቱን አቅጣጫ፣ የኳሷን መሽከርከር በዲግሪና በቁጥር ወዲያው ያወጣል። ከዚህ የተማርነው አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ለረጅም ጊዜ ብዙ አሰልጣኞች ኳሷ የምትነሣው ዱላው በሚሄድበት መንገድ ነው እያሉ ያስተምሩ ነበር። ቁጥሩ ሲመጣ የመነሻ አቅጣጫዋን በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት የሚያይበት አቅጣጫ መሆኑ ተረጋገጠ። ስንት ጎበዝ ልጅ ያልታመመበትን ቦታ ሲታከም እንደኖረ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ቁጥሩ ያልፈታው ግን የቃሉን ጉዳይ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በ1999 ጋብሪየለ ዉልፍና ባልደረቦቿ ያወጡት ጥናት ጎልፍን ለሚያስተምር ሁሉ ሊነበብለት የሚገባ ነው። ጀማሪዎችን በሁለት ከፍለው አጭር ምት አስተማሩ። አንዱን ቡድን ሐሳባችሁን ክንዳችሁ ላይ አድርጉ አሉት፤ ሌላውን የዱላው ራስ ላይ። ኳሷን ወደ ግቡ በማስጠጋት የተሻለው ሁለተኛው ቡድን ሆነ። የተባለው ነገር ልዩነቱ የአንድ ቃል ያህል ነው፤ ሐሳብ ራስ አካል ላይ ወይስ ከአካል ውጭ ያለው ነገር ላይ ያርፍ የሚል። «ክርንህን ወደ ውስጥ አስገባ» የሚል አሰልጣኝና «ዱላው ያንን ዛፍ እያየ ይለፍ» የሚል አሰልጣኝ የሚፈልጉት አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ሊሆን ይችላል። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብ ሲመታ፣ የሁለተኛው ቃል ሲሠራ የመጀመሪያው ሊያስር ይችላል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ለአሰልጣኝ ከሁሉ የሚከብደው ይመስለኛል፤ እያዩ ዝም ማለት። ጂም ፉሪክ ዱላውን ከኳሷ ሲያነሣ ወደ ውጭ ወስዶ፣ ላይ ላይ ቀለበት ሠርቶ፣ በሌላ መንገድ ያወርደዋል። ማንም የጎልፍ መምህር ለጀማሪ እንዲህ አድርግ አይልም። አሰልጣኙ አባቱ ማይክ ፉሪክ ነው። አባት ልጁ ኳሷን ሲነካ ዱላው የት እንዳለ አየ፤ ትክክል ነበር፤ ቀለበቱን ተወው። ያ ልጅ በ2003 የዩኤስ ኦፕንን አሸነፈ፤ በ2016 ደግሞ በአሜሪካ ዙር ታሪክ የመጀመሪያውን የ58 ምት ውጤት ጻፈ። የዛሬው ስኮቲ ሼፍለርም ሲመታ ሁለት እግሮቹ ሣሩ ላይ ይንሸራተታሉ፤ ሊወድቅ ነው ትላለህ። ዳላስ ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማረው ራንዲ ስሚዝ እግሩን አልነካም። አያያዙን፣ አቋቋሙን፣ የዱላውን ፊት ተቆጣጠረ። ሼፍለር እስከ 2025 ድረስ ሁለት ማስተርስ፣ አንድ ፒጂኤና አንድ ዘ ኦፕን አሸንፏል። ስሚዝ ያን ልጅ በሰባትና በስምንት ዓመቱ እግሩን ቀጥ አድርጎ እንዲተክል ቢያስገድደው ኖሮ ማንም አይወቅሰውም ነበር። እኛም ያጣነውን ሳናውቅ እንቀር ነበር።

ይህን ሁሉ ስጽፍ በሐሳቤ የሚመላለሰው ግን ከሁሉም የቀደመ ሰው ነው። በ1950 ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ሳዮቶ በሚባለው ክለብ ጃክ ግራውት አዲስ አሰልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ። ከመጀመሪያ ተማሪዎቹ አንዱ የ10 ዓመቱ ጃክ ኒክላውስ ነው። ግራውት ልጁን በመጀመሪያ በሙሉ ኃይልህ ምታ አለው፤ መስመር መያዙ በኋላ ይመጣል። በዚያ ላይ ግን አንድ የማይደራደርበት ነገር ነበረው፤ ጭንቅላት ከቦታው አይነቃነቅም። ይህን በቃል ብቻ አልነገረውም። ረዳቱ ፊት ለፊት ቆሞ ክንዱን ዘርግቶ የልጁን ፀጉር ይይዛል፤ ልጁም እንደተያዘ በሙሉ ኃይሉ ይመታል። ጭንቅላቱ ከተንቀሳቀሰ ፀጉሩ ይነጫል። ኒክላውስ ኋላ እንደተናገረው ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር።

ዛሬ አንድ አሰልጣኝ እንዲህ ቢያደርግ እኔም እቃወማለሁ። የትምህርቱን አሠራር ግን ልብ እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ ለዚያውም ሰውነት ያለ ቃል የሚረዳው። ግራውት ከዚያ በኋላ ውድድር ሜዳ ላይ ተማሪውን እየተከተለ ሲያርም አይታይም ነበር። ልጁ ስሕተቱን በራሱ አግኝቶ በራሱ እንዲያርም ነው ያስተማረው። ኒክላውስ ግን በዓለም አንደኛ ሆኖም ቢሆን፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ወደ ግራውት ይመለሳል፤ ጎልፍን ዛሬ እንደጀመረ ሰው ከአያያዝና ከአቋቋም ጀምሮ እንደ አዲስ ይማራል። ዋንጫው 10 ሲሆንም፣ 17 ሲሆንም እንዲሁ።

18ኛው ታላቅ ዋንጫ በአፕሪል 1986 በማስተርስ ሜዳ፣ ኦገስታ ላይ መጣ። ኒክላውስ 46 ዓመቱ ነበር፤ ብዙዎች አብቅቶለታል ብለው ነበር፤ የዱላ ከረጢቱን የያዘለት ልጁ ነበር። የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ጉድጓዶች በ30 ምት ዘግቶ ማስተርስን አሸነፈ። ግራውት በሕይወት ነበረና ይህን አየ፤ በ1989 አረፈ። በድሉ ቀን፣ ሳዮቶ ላይ የኒክላውስን ፀጉር የያዘው እጅ ከለቀቀው 35 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር።